ባለቤቱ ያልተሳፈረ ሻንጣ

ሟቹን በሕይወት ሳለ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። «ደቂቃ» ነበር የሚሉት፤ ፊት ለፊቱ ሳይሆን ዞር ሲል። አየር መንገዱና የባቡር ድርጅቱ በጋራ ያቋቋሙት ቢሮ አስተባባሪ ነበር፤ ሥራውም ከከተማ መንገደኛ ጭኖ የሚመጣው ባቡር በዘገየ ቁጥር «አውሮፕላኑ ይጠብቅ» ወይም «ይሂድ» ማለት ነው። ውሉ ቀላል ነው። ባቡሩ እስከ አሥር ደቂቃ ቢዘገይ አውሮፕላኑ መንገደኞቹን ይጠብቃል፤ ከአሥር ካለፈ ጥሏቸው ይበራል። ስንቱ ሰው ጉዳዩን በዚህ ሰውዬ ምላስ ላይ አንጠልጥሎ ኖሯል! ዛሬ ረፋድ ላይ ግን ደቂቃ ራሱ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ የኋላ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ የስልኩ እጀታ ከጠረጴዛው ጫፍ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ጉድ እኮ ነው፤ ከጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ አንድ ያለቀሰ ሰው አልነበረም።

የተላከችው መርማሪ ጡረታ ልትወጣ ሰባት ወር የቀራት ሴት ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን አሟት አያውቅም። የሥራ ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል፤ የነካችውን ሁሉ ትበሳለችና። ደረጃውን እያቃሰተች ስትወጣ ሃምሳ አለቃው ደረቱን ነፍቶ በር ላይ ጠበቃት።

«ኢንስፔክተር፣ በከንቱ ደከሙ። ገዳዩን ይዣለሁ።»

«ጎሽ! ሰውየው ገና ሳይበርድ አንተ ፈርደህ ጨርሰሃል።»

«ግልጽ ስለሆነ ነው እንጂ! ይኸው የተመታበት የፍሬን ዘንግ፣ አስከሬኑ እግር ሥር ተጥሎ። ሃያ ሰባት ቁጥር ተቀርጾበታል፤ የሾፌሩ ነው። ቂሙን ደግሞ ያላወቀ የለም።»

ቂሙ እንዲህ ነው። አምና በዚህ ወር ሾፌሩ የሚነዳው ባቡር ዘግይቶ ገባ፤ አውሮፕላኑ ጥሎት በረረ። ከመንገደኞቹ አንዷ ለልብ ቀዶ ጥገና ወደ ውጭ የምትሄድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ቀጣዩ በረራ በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሷ ግን በሁለተኛው ቀን ሞተች። ነገሩን እንዲያጣራ የታዘዘው ደቂቃ ነበር፤ አጣርቶም ጥፋቱ የሾፌሩ ነው ብሎ ጻፈ። ዘጠኝ ዓመት ባቡር የነዳ ሰው ከዚያ ወዲህ መጥረጊያ ይዞ የባቡር መሳፈሪያ መድረኩን ይጠርጋል። ሰው ግን እስካሁን «ሾፌሩ» ነው የሚለው። ግማሹ ከልቡ አዝኖ ነው፣ ግማሹ እያላገጠ።

ወስፌ ከረሜላ አፏ ውስጥ ጣለችና ክፍሉን ቃኘች። ደሙ ከግድግዳው አልፎ መደርደሪያው ላይ የቆመችውን ትንሽ ዋንጫ ሳይቀር ረጭቷታል። ዋንጫዋ ላይ «በሰዓቱ በመነሳት አንደኛ» የሚል ተጽፏል፤ ወሩ ያው ልጅቷ የሞተችበት ወር ነው። መሳቢያው ውስጥ የአምናውን ደብዳቤ አገኘች። «ባቡሩ አሥራ አራት ደቂቃ ዘግይቷል» ይላል። ከላይ «ምስጢር» የሚል ማኅተም አለበት፤ ከታች የደረሳቸው ሰዎች ተዘርዝረዋል፤ አንዱ ለፋይል፣ አንዱ ለሾፌሩ፣ አንዱ ለሟቿ ልጅ ቤተሰብ። ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ሾፌሩ እጁ በካቴና ታስሮ መድረኩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞ ተቀምጧል። የሥራ ልብሱ የሦስት ቀን አቧራ ጠጥቷል።

«ትጠላው ነበር?» አለችው።

«እንደ ኮሶ ነበር የሚመረኝ። ልዋሽዎ አልችልም፣ እትዬ። ሞተ ሲሉኝ ‹ይበለው› ነው ያልኩት።»

«ገደልከው?»

«አልገደልኩትም። በልቤ ስንቴ እንደገደልኩት ግን አይጠይቁኝ።»

«ዘንጉስ?»

«የኔ ነው። ከወረድኩ ጀምሮ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነበር። የሣጥኑ ቁልፍ ከተሰበረ ወር አልፎታል፤ ለማን አቤት ይባላል?»

«አምና ስንት ደቂቃ ነው የዘገየኸው?»

«ስምንት።»

«ስምንት ከሆነማ አውሮፕላኑ መጠበቅ ነበረበት። በምን ምክንያት ዘገየህ?»

ሾፌሩ ዓይኑን ወደ ካቴናው መለሰ። «ዘገየሁ፤ በቃ።»

ወስፌ ብዙ ውሸታም አይታለች፤ ይህ ግን ውሸት አልነበረም፤ አንድ ነገር ሆዱ ውስጥ ቆልፏል። ሆን ብሎ የገደለ ሰው ዕድሜ ልኩን ነው የሚታሰረው። አንዱ በደል እንጀራውን በልቶበታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ዕድሜውን ሊበላበት ነው። ይህን እያሰበች አጥብቃ ከረሜላዋን ቆረጠመችው።

የአየር መንገዱ የመሳፈሪያ በር ኃላፊ ልብሷ እንደ ተተኮሰ ነው፤ ከንፈሯን ግን ነክሳ ነክሳ ቀለሙን ጨርሳዋለች። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት።

«በሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ደውሎ ‹ባቡሩ ገብቷል› አለኝ» ስትል ጀመረች። «አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የመንገደኞቹን ዝርዝር ልወስድ ስወጣ ተደፍቶ አገኘሁት። ጮህኩ። ሃምሳ አለቃው መጡና ተመላሹን ባቡር አስቆሙ።»

«አምናስ በሩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ?»

«ዝጊ አለኝ፣ ዘጋሁ። እሱ የጻፈውን ፈረምኩ።»

«እሱ የጻፈውንማ አንብቤዋለሁ። አንቺ ያየሽውን ነው የምጠይቅሽ።»

ሴትየዋን እንባዋ ቀደማት። «ስምንት ነበር። ስምንት! በሩን ዘግቼ ዞር ስል እናትየዋ ልጅቷን ተሸክማ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማለች። አውሮፕላኑ ገና ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ‹ክፈቺልኝ› ትላለች፤ ድምፅዋ አይሰማም፤ አፏ ነው የሚታየኝ። ደወልኩለት። ‹ዋንጫው እኮ ሁለት ቀን ነው የቀረው› አለኝ። ዛሬ ተደፍቶ ሳየው መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ልንገርዎት? ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«እሱን ከእግዜር ጋር ተነጋገሪ» አለች ወስፌ፤ ግን መሐረቧን ሰጠቻት። «አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ንገሪኝ። የዛሬው አውሮፕላን በሰዓቱ ነው የተነሳው?»

«የለም፤ አንድ ሻንጣ ስናወርድ ትንሽ ዘገየ። ባለቤቱ ሳይሳፈር ሻንጣ አይበርም፤ የደኅንነት ሕጋችን ነው። ሻንጣው በባቡሩ የመጣ ነው፤ የከተማው ጣቢያ መለያ ወረቀት ተለጥፎበታል። መለያው የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ብንደውልለት ‹ታምሜ አልጋ ላይ ነኝ፤ ሻንጣ የሚባል አልላክሁም› አለን።»

«የት ነው ያለው?»

«መጋዘን።»

ወስፌ ወዲያው አልሄደችም። ከመጋዘኑ በፊት አንድ ሰው ቀርቷታል። የሻንጣ ፉርጎውን እየጠበቀ ከከተማ እስከዚህ የሚመላለሰው ሽማግሌ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ግራጫ ጋዎኑ አዲስ ነው፤ የመታጠፊያው መስመር እንኳ ገና አልጠፋም። ጫማው ግን አልቆ ጣቱ ሊታይ ነው።

«በርቱ አባባ። ብዙ ጊዜዎ ነው እዚህ?»

«ሁለተኛ ሳምንቴ። ሠላሳ ዓመት የጭነት ባቡር ላይ ነው ያረጀሁት። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ እህል ... ጭነት ደግ ነው፣ ልጄ። አያማርር፣ አያስቸግር፣ ባለቤቱን አይጠብቅ። ወረቀቱን ለጥፈህ ትሰደዋለህ፤ ይደርሳል። ሰውና ሻንጣው ናቸው የሚያደክሙት።»

«ጋዎንዎ ያምራል።»

«ድርጅቱ ነው የሰጠን።»

«ሾፌሩንስ ያውቁታል?»

«ከየት አውቄው! ስለ አምናውም የሰማሁት እዚህ ነው፤ ወሬ።» ብርቱካኑን ለሁለት ገመሰው። «ግን ሕፃን የጫነ ባቡር አሥራ አራት ደቂቃ ያዘገየ ሰው፣ ሰው ለመግደል ምን ይሳነዋል?»

«ልክ ብለዋል» አለች ወስፌ፤ ከረሜላም ጋበዘችው። አልወስድም አለ።

መጋዘኑ ውስጥ ሻንጣውን ስታይ ቆም አለች። የጨርቅ ነጋዴ ሻንጣ አይደለም፤ ትንሽ ናት፤ ቢጫ፣ ክዳኗ ላይ ቢራቢሮ የተሳለባት የልጅ ሻንጣ። ከፈተቻት። በላስቲክ የተጠቀለለ ግራጫ ጋዎን አለ፤ እጅጌው በደም ደርቋል። ከሥሩ ታጥቦ የታጠፈ የልጅ ፒጃማና የጥርስ ብሩሽ አሉ። መያዣዋ ሥር ደግሞ የተቀደደ የቆየ መለያ ወረቀት ተጣብቆ ቀርቷል። ቀኑን አነበበች፤ የአምናው ቀን ነው። ወስፌ በሥራዋ ብዙ ደም አይታለች፤ ዓይኗን ያዞረችው ግን ከጥርስ ብሩሹ ነበር።

ወደ ከተማው ጣቢያ ደወለች፤ ሁለት ጥያቄ ጠየቀች። የመጀመሪያውን መልስ ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛውን ስትሰማ የመጋዘኑ ሳጥን ላይ ዝርግት ብላ ተቀመጠች።

በሰባት ሰዓት ሁሉም የጋራ ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ጠረጴዛው ግን ገና አልተወለወለም። ሾፌሩ በካቴናው፣ የበር ኃላፊዋ በመሐረቧ፣ ሽማግሌው በአዲሱ ጋዎኑ ተቀምጠዋል። የጣቢያው ሹም ሰዓቱን በየደቂቃው እያየ ይቁነጠነጣል። ነገ ሁለቱ ድርጅቶች ውላቸውን የሚያድሱበት ቀን ነው።

«ኢንስፔክተር፣ አጭር ቢሆን» አለ ሹሙ። «መስመሩ ቆሟል፤ መንገደኛ እየጮኸ ነው።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ጌታዬ። ይቀመጡ።» ዘንጉን አነሳችው። «ከዚህ እንጀምር። ሃምሳ አለቃ፣ ቁጥሩ የተቀረጸበትን የገዛ ዕቃውን አስከሬን ሥር ጥሎ፣ ወርዶ መድረክ የሚጠርግ ገዳይ አይተህ ታውቃለህ?»

«የተናደደ ሰው ምኑን ያስባል?»

«ተናደደ እንበል። ደሙ እስከ ዋንጫዋ ድረስ ተረጭቷል። የመታው ሰው ልብስ በምን ተአምር ይተርፋል? የዚህ ሰው ልብስ የሦስት ቀን አቧራ አለበት፤ አልታጠበም፣ አልተቀየረም። ደም ግን ጠብታ የለበትም። ስለዚህ በደም የተነከረ ልብስ ሌላ ቦታ አለ። አንቺ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ብትሆኚና እንዲህ ያለ ልብስ እጅሽ ላይ ቢኖር፣ ወዴት ትሰጂዋለሽ?»

የበር ኃላፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውጭ አገር» አለች።

«ውጭ አገር። በሻንጣ።» ወስፌ ቢጫዋን ሻንጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ሾፌሩ ሲያያት ደነገጠ። ሽማግሌው ግን ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ይህን የላከ ሰው ይበራል ብሎ ነው የላከው። የአየር መንገድ ሰው ይህን አያደርግም፤ ባለቤቱ ያልተሳፈረ ሻንጣ እንደማይበር እንደ ስሙ ያውቃል። ሾፌሩም አያደርግም፤ ከአውሮፕላን የወረዱትን ሻንጣዎች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በባቡሩ ወደ ከተማ ሲመልስ የኖረ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው ሻንጣን እንደ ሲሚንቶ የሚያይ ሰው ነው። ጭነት ባለቤቱን አይጠብቅም ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

«አልኩ» አለ ሽማግሌው። «ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን የከተማው ጣቢያ ትኬት ለቆረጠ ሁሉ መለያውን ጠዋት አትሞ ያስቀምጣል። ያልመጣ ሰው መለያ በማን እጅ ይቀራል? ብዬ ጠየቅሁ። በፉርጎ ጠባቂው አሉኝ። ዝርዝሩን በየቀኑ እዚህ ወጥቶ ደቂቃን የሚያስፈርመውስ ማነው? እርስዎ። ያን ሁሉ ሻንጣ ጭኖ ያወረደ ሰው ጋዎን የመታጠፊያው መስመር ሳይጠፋ ረፋድ ላይ ይገኛል እንዴ? ስለ አምናው የሰማሁት ወሬ ነው አሉኝ። አሥራ አራት የምትለው ቁጥር ግን በወሬ የለችም፤ ምስጢር በሆነ ደብዳቤ ላይ ናት። የሚያውቋት የጻፈው ደቂቃ፣ የፈረመችው የበር ኃላፊ፣ ሾፌሩና የልጅቷ ቤተሰብ ናቸው።» ሻንጣዋን ወደ እሱ ገፋ አደረገቻት። «አባባ፣ ይችን ማን ነው የገዛላት?»

ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ቢራቢሮዋን ዳሰሳት።

«እኔ ነኝ የገዛሁላት» አለ። «የልጄ ልጅ ናት። ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትተኛው። እኔ ግን አልተኛሁም። ዓመት ሙሉ! ወደዚህ መስመር ለመዛወር ሰባት ማመልከቻ ጻፍኩ። ጓደኞቼ ‹ተወው፣ ለእግዜር ስጠው› አሉኝ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት፤ እኔ እንዲህ ያለ ጸሎት አላውቅም። ዛሬ ከኋላው ቆሜ ስሟን ጠራሁለት። ስሟን! ቀና እንኳ አላለም። ‹ዝርዝሩን እዚያ አስቀምጥ› አለኝ። መታሁት። ሻንጣዋ ደግሞ እሷ ያልደረሰችበት ትድረስላት አልኩ፤ ደሙም አብሯት ይሂድ፤ ካሳዋ ነው። አይጸጽተኝም። ቢነሳ ደግሜ እገድለዋለሁ!»

ወስፌ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው። «ዘንጉንስ ለምን ከሾፌሩ ሣጥን አወጡት?»

«እሱስ ገዳይ አይደለም?» ሽማግሌው በጣቱ ሾፌሩን ሊወጋው ደረሰ። «አሥራ አራት ደቂቃ! ምን ይሠራ ነበር? ሲጋራ ያጨስ ነበር? ሲያወራ ነበር? አንዱ በዘንግ፣ አንዱ በእስር ቤት፤ ሁለቱም ይቅመሱ አልኩ። እጄን አስሩት፤ ግን እሱንም አትልቀቁት!»

ሾፌሩ አቀረቀረ።

«ለከተማው ጣቢያ ሁለተኛ ጥያቄ ነበረኝ» አለች ወስፌ። ከኪሷ የጻፈችበትን ወረቀት አወጣች። «የዚያን ቀን የመድረክ መዝገብ ምን ይላል? አልኩ። እስከ ዛሬ ያየው የለም፤ አጣሪው ደቂቃ ነበራ! ስሙኝ፣ አባባ። ‹ባቡሩ ስምንት ደቂቃ ዘግይቶ ተነሳ። ምክንያት፦ የታመመች ሕፃን የተሸከመች እናት እየሮጠች በመምጣት ላይ ስለነበረች ሾፌሩ በር ሳይዘጋ ጠበቃት። ፈቃድ፦ የለም። በራሱ ኃላፊነት።›»

ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባውም። ወረቀቱን አየ፤ ወስፌን አየ። «ልጄ እኮ ‹ለጥቂት ደረስንበት› ነው ያለችኝ» አለ።

«አልደረሰችበትም፣ አባባ» አለ ሾፌሩ። ከተያዘ ጀምሮ ሳይጠየቅ ሲናገር ይህ መጀመሪያው ነው። «በጎን መስታወት አየኋት። ልጅቷ ትከሻዋ ላይ፣ ይች ሻንጣ ከኋላዋ እየተጎተተች። ሰዓቱ አልፏል። ከዚያ የልጅቷ አንድ ጫማ ወደቀ፤ እናትየዋ ልታነሳው ተመለሰች። እንዴት ብዬ ዘግቼ እሄዳለሁ? ስምንት ደቂቃ ነው፤ አውሮፕላኑ አሥር ይጠብቃል ብዬ።»

«ታዲያ ምነው ዓመት ሙሉ አፍህን ዘጋህ?» አለ ሹሙ።

«ለማን ልናገር? ለእናትየዋ? ልጅ ለሞተባት ሰው ‹የዘገየነው በአንቺ ነው› ልበላት? ተውኩት። መጥረጊያ አይገድልም አልኩ።»

የበር ኃላፊዋ ብድግ አለች። «ስምንት ነበር። ዛሬውኑ እጽፋለሁ፤ እፈርማለሁ። ነገም ሁለቱ ድርጅቶች ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ ያባርሩኝ።»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ከሾፌሩ እጅ ፈታ። ያንኑ ካቴና ይዞ ወደ ሽማግሌው ሲሄድ እንደ ጠዋቱ ደረቱን አልነፋም። ሽማግሌው እጁን ሰጠ። ያ ሁሉ ቁጣ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል፤ በዓለም ላይ ለልጅ ልጁ የጠበቀላትን አንድ ሰው እስር ቤት ሊያስቀብር ነበር፤ ይህን ማንም እንዲነግረው አላስፈለገውም።

ሊወጡ ሲሉ ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፎ እግሩን ይጎትት ጀመር። ሃምሳ አለቃው «ቶሎ ይበሉ» አለ። ሾፌሩ ቀድሞ ሄዶ ከባዱን በር ከፈተና በትከሻው ደግፎ ያዘው።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው፤ ባለበት ቆመ።

«አትጠብቀኝ» አለ። «በእናትህ፣ አንተ አትጠብቀኝ።»

ሾፌሩ በሩን አልለቀቀም።